በሙቀት ወራት ወደ ሥራ መመላለስ፦ በግል መኪና ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት?

በሌላው ወቅት ይህ ጥያቄ በሰዓትና በነዳጅ ሒሳብ ያልቃል። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ሁለቱም ሒሳቦች ይስታሉ። ኤሲው በደከመ መኪና ለግማሽ ሰዓት በመጨናነቅ የተጠበሰ ሰውና ሃምሳ ደቂቃ ቀዝቃዛ ባቡር ላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው ቢሮ ሲገቡ በአንድ ዓይን አይታዩም። የቱ እንደሚሻል ለማወቅ በሙቀት ውስጥ የሚያልፈውን ደቂቃ ለይቶ መቁጠር ያስፈልጋል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። ከቤትዎ በር እስከ ሥራ ቦታዎ በር ያለውን መንገድ በየክፍሉ ይጻፉት፦ የእግር ጉዞ፣ ፌርማታ ላይ መጠበቅ፣ ተሽከርካሪ ውስጥ መቀመጥ ወይም መቆም፣ እንደገና የእግር ጉዞ። ፀሐይ ላይ ወይም በጋለ መኪና ውስጥ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ደቂቃ 2፣ በጥላ ሆኖ በሞቃት አየር የሚያልፈውን 1፣ በቀዝቃዛ ቦታ የሚያልፈውን 0 ይበሉት። ሚዛኑ የግምት ነው፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጠዋት በመኪና፦ እስከ መኪናው 3 ደቂቃ በጥላ፣ ከዚያ ሌሊቱን በቀዘቀዘ መኪና 30 ደቂቃ፤ ድምሩ 3። ሲመለሱ እስከ መኪና ማቆሚያው 6 ደቂቃ በፀሐይ (12)፣ ኤሲው እስኪይዝ 7 ደቂቃ በጋለ መኪና (14)፣ ቀሪው 28 ደቂቃ በቅዝቃዜ (0)፤ ድምሩ 26። የቀኑ 29 ሆነ። በባቡር ደግሞ ጠዋት 9 ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ 5 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከባቡር ወርዶ 4 ደቂቃ፣ ሁሉም በጥላ፤ ድምሩ 18። ሲመለሱ 4 ደቂቃ በፀሐይ (8)፣ 6 ደቂቃ በመጠለያ ሥር (6)፣ 9 ደቂቃ በፀሐይ (18)፤ ድምሩ 32። የቀኑ 50። መኪናው አሸነፈ።

አሁን ቁጥሮቹን ትንሽ እንነካካቸው። የመኪናው ኤሲ ደክሞ ያ 28 ደቂቃ ከ0 ወደ 1 ቢወጣ ድምሩ 57 ይሆንና ባቡሩ ይቀድማል። ኤሲው ደህና ሆኖ የሥራ መውጫዎ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቢገፋ ደግሞ የባቡሩ መልስ ከ32 ወደ 19 ይወርዳል፤ ልዩነቱ ይጠብባል። ኤሲው፣ መኪናው ቀኑን የሚውልበት ቦታና የመውጫ ሰዓቱ ከርቀቱ የበለጠ ውሳኔውን ይገለብጡታል።

የሚወስነው የመልስ ጉዞ ነው

የቀኑ ሙቀት ጣሪያ የሚነካው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አይደለም። ሁለት ሦስት ሰዓት ዘግይቶ፣ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያም ብዙ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ወይም ለመውጣት የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። አስፋልቱና ግንቡ ደግሞ ቀኑን የጠጡትን ሙቀት ገና እየተፉ ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በመኪናና በአውቶቡስ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ብዙ ጊዜ ኢምንት ነው። ስለዚህ ሙከራዎን፣ ሒሳብዎንና ማማረርዎን በሙሉ ለመልሱ ያውሉት።

የሥራ ሰዓት ማስተካከል የሚቻልበት መሥሪያ ቤት ካለዎት አንድ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ አንድ ሰዓት ቀድሞ መውጣት እንደሚመስለው አይጠቅምም፤ መጨናነቁን ያመልጣሉ፣ ሙቀቱ ውስጥ ግን ዘለው ይገባሉ። ለባቡርና ለአውቶቡስ ተጠቃሚ አንድ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት ይሻላል።

መኪናው፦ ከማቆሚያው ይጀምሩ

የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና በሳን ዲዬጎ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ መኪና ውስጡ በአማካይ 47 ዲግሪ ይደርሳል፤ ዳሽቦርዱ 69፣ መሪው 53፣ ወንበሩ 51። ጥላ ሥር የቆመው ውስጡ ወደ 38፣ ዳሽቦርዱ 48፣ መሪው 42፣ ወንበሩ 41 ነበር። ጥላው መሪውን ለመያዝ የሚያስቸግር ከመሆን ያድነዋል። ይሁንና ጥላም ሆነ የተከፈተ መስኮት ሕፃን ወይም እንስሳ ለደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ ትቶ ለመሄድ ፈቃድ አይሆንም፤ የሕፃን ሰውነት ከአዋቂው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል።

መስኮትን በስንጥቅ ያህል ከፍቶ መሄድ የተለመደ ዘዴ ቢሆንም ጥቅሙ እምብዛም ነው። ከጠቅላላው የሙቀት ጭማሪ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ስለሚገባ ስምንት ሰዓት የቆመና አንድ ሰዓት የቆመ መኪና ያን ያህል አይለያዩም። የፊት መስታወት መጋረጃ ግን ዋጋውን ያወጣል፦ የሳሎኑን (የመኪናውን የውስጥ ክፍል) አየር ብዙም ባያቀዘቅዝ ዳሽቦርዱንና መሪውን ያድናል፤ ኤሲው ከሚታገለው ሙቀት ትልቁ ድርሻ ደግሞ ከእነዚህ ከጋሉ ነገሮች የሚወጣው ነው። በማቆሚያው ላይ ቦታ የመምረጥ ዕድል ካለ ጠዋት ጥላ ያለበትን አይምረጡ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጥላ የሚወድቅበትን፣ ማለትም የሕንፃውን ወይም የዛፉን ምሥራቃዊ ጎን ይምረጡ።

የጋለን መኪና ለማቀዝቀዝ ቆሞ ሞተር ማስነሳት ነዳጅ ማቃጠል ነው። በሮቹን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከፍተው ያናፍሱ፤ ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ አውርደው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ የአየር መግቢያውን ከውጭ አድርገው ጉዞ ይጀምሩ። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ እንዲህ ይንዱ። የውስጡ አየር ከውጭው ጋር ሲመጣጠን መስኮቶቹን ዘግተው የውስጡን አየር ወደሚያዞረው ቁልፍ ይቀይሩ። ብዙዎች ገና እንደገቡ መስኮት ዘግተው የውስጡን አየር ያዞራሉ፤ ያኔ ኤሲው ከውጭው 35 ዲግሪ ይልቅ ከውስጡ 50 ዲግሪ ጋር ይታገላል። ረጅም መንገድ ከሆነ ደግሞ በየ10 እና 15 ደቂቃው የውጭ አየር ያስገቡ፤ እየታፈገ የሚሄደው አየር እንቅልፍ ያመጣል።

ኤሲው በርግጥ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ የኩሽና ቴርሞሜትር መካከለኛው የአየር መውጫ ላይ ይሰኩ። ከጥቂት ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሚወጣው አየር ከውጭው ቢያንስ በ15 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። ካልሆነ ምልክቱ መንስኤውን ይጠቁማል። ሲሄድ እየቀዘቀዘ መብራት ላይ ሲቆም ከሞቀ፣ የኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው የኤሲው ክፍል) ፋን አይዞርም ወይም ኮንደንሰሩ በአቧራና በነፍሳት ተደፍኗል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ግን ደካማ ከሆነ የሳሎን ፊልተሩ ሞልቷል፤ ይህ በብዙ መኪና ላይ ያለ መካኒክ በአሥር ደቂቃ የሚቀየር ዕቃ ነው። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው የኤሲው ክፍል) ቶሎ ቶሎ እየገባ የሚወጣ ከሆነ የኤሲው ማቀዝቀዣ ጋዝ ሳይጎድል አይቀርም። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ለጥቂት ሳምንት ቅዝቃዜ መክፈል ነው። ከመኪናው ሥር ንጹሕ ውኃ ከተንጠባጠበ አይደንግጡ፤ ውኃው ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ከተገኘ ግን የማፍሰሻው ቱቦ ተደፍኗል።

የነዳጁ ነገር። ሥራ ቦታው 18 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ 36 ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና በ22 የሥራ ቀን 63 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ኤሲና መጨናነቅ 20 በመቶ ቢጨምሩበት 76 ሊትር። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት፣ በጣም በሞቀ ቀን ኤሲ መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደውን ርቀት ከ25 በመቶ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል፤ ጉዳቱ የሚብሰው በአጭር ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም ኮምፕረሰሩ የጋለውን ሳሎን ለማቀዝቀዝ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ቆይቶ ገና ዕረፍት ሳያገኝ መንገዱ ያልቃል። ከ10 ደቂቃ በታች ለሆነ መንገድ መኪና በሙቀት ወቅት ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ ነዳጁን ይጠጣል፣ ሳይቀዘቅዝም ያወርዳል። የኤሌክትሪክ መኪናም አያመልጥም፦ ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሙከራ በ35 ዲግሪ ኤሲ ተከፍቶ የሚኬደው ርቀት በአማካይ 17 በመቶ ቀንሷል። በአንጻሩ መኪናው ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ሳሎኑን አስቀድሞ ማቀዝቀዝ የሚያስችል ከሆነ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ 7 ደቂቃ ከሒሳቡ ትወጣለች።

መኪናን ከመረጡ ሁለት ነገሮችን ችላ አይበሉ። አንደኛው የጎማ ነፋስ ነው። መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይነዳ ነው። ሙቀቱ በየ5 እና 6 ዲግሪው ሲጨምር ግፊቱ ወደ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ስለሚጨምር ማታ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያዩ ነፋሱን አይቀንሱ፤ በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ይገኛል። የሚፈነዳውም በብዛት ያነሰው ነው፤ ነፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ እየተለመጠ ራሱን ያግላል። ሁለተኛው የሞተሩ ሙቀት ነው። ጠቋሚው በመጨናነቅ ወጥቶ በጉዞ ከወረደ ችግሩ የራዲያተር ፋን ነው፤ በፍጥነት ሲነዱ ከወጣ ግን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መጉደሉን፣ ራዲያተሩ መደፈኑን ወይም ቴርሞስታቱ (የፈሳሹን ዝውውር የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል) መጣበቁን ይጠርጥሩ። መንገድ ላይ ሲያጋጥም ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ (መከራ ቢሆንም የሞተሩን ሙቀት ወደ ሳሎን ያወጣል)፣ ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቆዩ የራዲያተሩን ክዳን አይንኩ።

አውቶቡስና ባቡር፦ ፈተናው ከመሳፈር በፊትና ከወረዱ በኋላ ነው

የሕዝብ ትራንስፖርትን በሙቀት ወራት የሚያስጠላው አብዛኛውን ጊዜ ተሽከርካሪው አይደለም። ፌርማታው ነው። ጥላ በሌለው ፌርማታ በየ20 ደቂቃው የሚመጣን አውቶቡስ መጠበቅ በአማካይ 10 ደቂቃ ፀሐይ ነው፤ በእኛ ሚዛን 20 ነጥብ። በየ5 ደቂቃው የሚመጣ ከሆነ 5 ነጥብ። መስመሮችን ሲያወዳድሩ እንግዲህ ቀርቦ ነገር ግን አልፎ አልፎ የሚመጣውን ከመምረጥ፣ ሦስት ደቂቃ በጥላ ተጉዘው ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ጋ መሄድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የተሽከርካሪውን መምጫ በስልክ ማየት የሚቻልበት ቦታ ከሆነ ጥበቃውን ሕንፃ ውስጥ ሆነው ይጨርሱት።

መቀያየር ያለበት ጉዞ በሙቀት ወቅት በእጥፍ ይከብዳል፤ አንድ ቅያሬ ማለት አንድ ተጨማሪ ፌርማታ ነው። 15 ደቂቃ የሚረዝም ቀጥታ መስመር ካለ እሱን ይያዙ።

የሰው ብዛት ራሱ ምድጃ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት ሙቀት ይለቃል፤ 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ የ6 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ተለኩሶበት ይሄዳል ማለት ነው። በየፌርማታው በሩ ሲከፈት ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ይወጣል። ለዚህ ነው ባዶ ሲሆን የሚያንቀጠቅጥ ኤሲ በመውጫ ሰዓት አለ የማይባለው። በብዙ አውቶቡሶች ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ረድፍ ይግላል፤ መሃል አካባቢ፣ ከአየር መውጫው ሥር ያለው ወንበር ይሻላል።

ኤሲ በሌለው አውቶቡስ መስኮት መክፈት የሚረዳው እስከ ልክ ነው። የቆዳችን ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሆነ ነፋስ ሙቀት ይሰጠናል እንጂ አይወስድብንም፤ የሚያቀዘቅዘን የላባችን መትነን ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ40 ዲግሪ በላይ ቬንትሌተር አየርን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ሰውነትን እንደሚያሞቅ ያስጠነቅቃል። በእንዲህ ያለ ቀን በውኃ የራሰ ጨርቅ አንገት ላይ ማድረግ ከመስኮቱ ይበልጣል።

ባቡር የራሱ ጣጣ አለው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፦ 100 ሜትር ሐዲድ 30 ዲግሪ ሲጨምርበት ወደ 3.5 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይሞክራል፤ ዘመናዊው ሐዲድ ግን ተበይዶ የተያያዘ ስለሆነ የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ግፊቱ ከበዛ ወደ ጎን ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ ያለ ሐዲድ ደግሞ ከአየሩ በ20 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ባቡሮች ከሰዓት በኋላ ቀስ ብለው እንዲሄዱ ይታዘዛሉ፤ አንዳንዴም መስመር ይዘጋል። ጁላይ 19 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ 40.3 ዲግሪ በተመዘገበበት ዕለት ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መስመር ተዘግቶ ነበር። የኦፕሬተሩን ማስታወቂያ ጠዋት ብቻ አይተው አይለፉ፤ የፍጥነት ገደቡ የሚመጣው ከሰዓት ነውና ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ደግመው ይዩት። በምድር ውስጥ መስመር ሐዲዱ ከፀሐይ ያመልጣል፤ የባቡሮቹ ፍሬን የሚያወጣው ሙቀት ግን ዋሻው ውስጥ ስለሚከማች ጣቢያው ከላይኛው መንገድ ሊብስ ይችላል።

ወርሃዊ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት የዓመት ፈቃድዎን ያስቡ። የትኬቱን ዋጋ በአንድ ጉዞ ዋጋ ያካፍሉት። መልሱ 36 ከሆነ፣ በ22 የሥራ ቀን 44 ጉዞ ስላለ ትኬቱ ያዋጣል፤ የ10 ቀን ፈቃድ ካለዎት ግን 24 ጉዞ ብቻ ይቀራልና በየጉዞው መክፈል ይረክሳል። ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ወቅት የጉዞ ሰሌዳ የሚያሳሱ ኦፕሬተሮችም አሉ። በዚያው ወቅት መንገዱ ለመኪና ሊቀልል ስለሚችል፣ የሌላ ወር ልምድዎ ለሁለቱም አማራጭ አይሠራም።

ፀሐይ በየት በኩል ናት?

ይህን ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ ግን አለበት። ሥራ ቦታዎ ከቤትዎ ወደ ሰሜን ከሆነ፣ ጠዋት ሲሄዱ ፀሐይ በቀኝዎ ናት፤ ማታ ወደ ደቡብ ሲመለሱም በቀኝዎ ናት። በሁለቱም ጉዞ በግራ በኩል ይቀመጡ። ሥራው ወደ ደቡብ ከሆነ በሁለቱም በቀኝ። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ይህ በነጻ የሚገኝ ጥላ ነው።

ወደ ምሥራቅ ሄዶ ወደ ምዕራብ ለሚመለስ ሾፌር ግን ፀሐይ ጠዋትም ማታም ዓይኑ ውስጥ ናት። መስታወቱን ከውስጥ በኩል በየሳምንቱ ማጽዳት (ጨረሩን የሚበትነው በውስጥ የተለጠፈው ስስ ቅባት ነው)፣ ከፊት ካለው መኪና መራቅና የፀሐይ መነጽር መያዝ ግድ ይላል። ከዚህ አቅጣጫ ለሚመላለስ ሰው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ሚዛኑ ወደ ሕዝብ ትራንስፖርት ያጋድላል።

ሁለቱን ማደባለቅ

እስከ ጣቢያ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር መሄድ በሌላ ወቅት ብልህ አማራጭ ነው። በሙቀት ወቅት ግን ደካማ ጎኑ ይወጣል፦ መኪናው ቀኑን ሙሉ ጣቢያው ሜዳ ላይ ሲጠበስ ውሎ፣ እርስዎ ለ6 ወይም ለ8 ደቂቃ መንገድ ይገቡበታል። ኤሲው ሳይይዝ ቤት ይደርሳሉ። ማቆሚያው ጣሪያ ከሌለው ያችን ቁራጭ መንገድ በብስክሌት ወይም በመጋቢ አውቶቡስ መተካት ይሻላል።

ሳምንቱን መክፈል የተሻለ ይሠራል። ትንበያው ከሌላው ቀን ከፍ ያለ ሙቀት ካሳየ፣ ጥላ ያለው ማቆሚያና ጤናማ ኤሲ ያለው ሰው በእነዚያ ቀናት መኪና ይያዝ፤ የባቡር መዘግየት የሚበዛውም ያኔ ነው። በቀሩት ቀናት በትራንስፖርት ይሂድ። ኤሲው የደከመ ሰው ተቃራኒውን ያድርግ።

ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ውኃ ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጥቡ ቢቀራረብም በፀሐይ የሚቆምበት ጊዜ የሚያጥርበትን ይምረጥ። አስም ያለበት ደግሞ ፀሐይ በጠነከረበት ከሰዓት በኋላ የመሬት ቅርብ ኦዞን እንደሚጨምር ያስብ፤ የተዘጋ መስኮትና የውስጥ አየር የሚያዞር ኤሲ፣ በመኪናም ሆነ በባቡር፣ ከፌርማታው ይሻለዋል። ኢንሱሊን፣ ላይተር፣ የሚረጭ ጣሳና ፓወር ባንክ ቀኑን መኪና ውስጥ አያውሉ።

ሙከራው ስድስት ቀን ይበቃዋል፤ ሦስት ቀን በአንዱ፣ ሦስት ቀን በሌላው፣ ተቀራራቢ ሙቀት ባላቸው ቀናት። በየቀኑ የመልሱን ነጥብ፣ የደረሱበትን ሰዓትና የተቀመጡ ወይም የቆሙ መሆንዎን ይጻፉ። ሲያወዳድሩ አማካዩን ትተው የየአማራጩን የከፋ ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኤሲውን ወይም ጎማውን በመሃል ካስጠገኑ የመኪናውን ሦስት ቀን ከአንድ ይጀምሩ።